መጋዙ የተሰበረበት በጋ

በቀደም ለለቅሶ ወደ እሪ በከንቱ ወርጄ ነበር። ቁልቁለቱን በጥንቃቄ እየረገጥኩ ስሄድ ከአንድ ጠባብ ግቢ ውስጥ የሚያር የኑግ ዘይት ሽታ መጣብኝ። የወጥ ቤት ሽታ አይደለም። የጋለ ብረት ሲነከርበት የሚወጣው፣ ጉሮሮ የሚከረክረው፣ ዓይን የሚያስለቅሰው ነው። ቆምኩ። አብራኝ የነበረችው የእህቴ ልጅ፣ "ደከመሽ እንዴ አክስቴ?" አለችኝ። አይ፣ አልኳት፤ ግን ወዲያው መራመድ አልቻልኩም። አባቴ ከፍሙ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ፣ "አስካለ፣ ምን መሰለ?" ብሎ የሚጠይቀኝ መሰለኝ።

ነገሩ የሆነው ጣሊያን ሳይመጣ ነው። ፒያሳ የሚባል ስም ገና አልነበረም፤ ላዩ አራዳ፣ ታቹ እሪ በከንቱ ይባላል። እኛ ከጊዮርጊስ ቁልቁል ወርዶ፣ ወንዙ አጠገብ ባለች የጭቃ ቤት ነበር የምንኖረው። እኔ የፊት ጥርሶቼ ረግፈው አዲሶቹ ብቅ የሚሉበት ዕድሜ ላይ ነበርኩ።

አባቴ ወልዴ መጋዝ ሳቢ ነበር። ያኔ ጣውላ የሚወጣው በሰው ጉልበት ነው። ግንዱን ከፍ ባለ የእንጨት ቆጥ ላይ ያጋድሙታል፤ አንዱ ሰው ግንዱ ላይ ይቆማል፣ ሌላው ከሥር ይገባል፤ ከዚያ በሁለት በኩል እጀታ ያለውን ረጅም መጋዝ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ይስባሉ። ላይ የሚቆመው ቱፋ የሚባል የአባቴ ጓደኛ ነበር። ከሥር አባቴ። ዛሬ ሰጋቱራ የሚሉት የእንጨት ዱቄት ቀኑን ሙሉ ፊቱ ላይ ይዘንብበታል። ማታ ሲመጣ ቅንድቡ ቢጫ፣ ዓይኑ ደግሞ ቀይ ነው። እኔ ዓይኑ የሚቀላው ዛፎቹ እያሳዘኑት ይመስለኝ ነበር።

መጋዙ ከቤታችን ዕቃ ሁሉ የተከበረ ነው። አባቴ ሞራ ቀብቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ከራስጌው ያስተኛዋል። እኔ የምተኛው ከእግርጌ ነው። አንድ ጊዜ ለእናቴ ይህን ነገር አንስቼባት፣ "አንቺ ጣውላ ታወጫለሽ?" ብላ አፌን አስያዘችኝ።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ አባቴና ቱፋ ተመልሰው መጡ። ቱፋ ከፊት፣ አባቴ ከኋላ ሆነው መጋዙን ቃሬዛ እንደሚሸከም ሰው ተሸክመውታል። ጨርቁ ሲገለጥ ለሁለት ተከፍሏል። አሮጌ ጽድ እየሰነጠቁ ሳለ ግንዱ ሆድ ውስጥ ጥይት ኖሮ፣ መጋዙ ከዚያ ጋር ተላተመ። ጥርሱ ረገፈ። ቀድሞም ስንጥቅ ነበረበትና ከመሀሉ ተበጠሰ።

"ጥይቱ የማን ነው?" አልኩ።

"የዛፉ ነዋ!" አለኝ ቱፋ። ቱፋ ሲከፋውም ይቀልዳል። ቀጥሎ ግን ወደ አባቴ ዞረና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "በቃ ወልዴ። መጋዙ ሞተ" አለው።

እናቴ ዘነበች ሁለት እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ መደቡ ላይ ቁጭ አለች። እሷ እንዲህ የምትቀመጠው ሰው ሲሞት መሆኑን አውቃለሁ። ስለዚህ ተጠግቼ እኔም እጆቼን ጉንጬ ላይ አደረግሁ።

ቱፋ ከመጋዙ ድርሻዬን ልውሰድ አላለም፤ አዝመራ ልሰብስብ ብሎ ወደ አገሩ ሄደ። አባቴ ቤት ዋለ። ሌላ መጋዝ ያላቸው ሰዎች ዘንድ ሄዶ ነበር አሉ፤ ግን ዓይኑ መዳከሙን ሰምተዋልና ማን ከሥር ያስገባዋል? መስመሩን ስቶ ጣውላ ያበላሻል ብለው መለሱት። ይህን ኋላ ነው የሰማሁት። ያኔ የማውቀው አባቴ ጠዋት ጠዋት እንደማይወጣ ብቻ ነው። እኔ በዚህ ደስ ብሎኝ ስዘል እናቴ ለምን እንደምታለቅስ ግራ ገባኝ።

አንድ ቀን አመሻሹ ላይ አባቴ ጓሮ ጉድጓድ ቆፈረ። ከሰል አቀጣጠለበትና የመጋዙን አንድ ስባሪ ፍም እስኪመስል አጋለው። ከዚያ በትኩስ አመድ ቀበረው፤ በላዩ አፈር መለሰበት፤ በእግሩም ደልደል አደረገው። እኔ ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈልጌ አመጣሁና ከጉድጓዱ ራስጌ አቆምኩት።

"ምንድን ነው እሱ?" አለኝ።

"መቃብሩ ነዋ።"

ይስቃል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልሳቀም። "እሺ፣ ይሁን" አለና ገባ።

በማግስቱ ጠዋት መቃብሩን ሲቆፍር አገኘሁትና ጮህኩ። የሞተ ሲወጣ አይቼ አላውቅም።

"ብረት እኮ ነው፣ አስካለ!" አለኝ እየተቆጣም እየሳቀም። "የመጋዝ ብረት ደረቅ ነው። እንዲህ በአመድ ውስጥ አድሮ ቀስ ብሎ ካልበረደ አይቆረጥም።"

"ታዲያ ሞቷል ወይስ አልሞተም?"

"ለዝቧል" አለኝ።

ለዘበ ሲባል የሰማሁት ስለ ተቆጣ ሰው ነው። እንግዲያው መጋዙ የተሰበረው ተቆጥቶ ነበር ማለት ነው፤ ጥይት ስላስነከሱት። ይህ ትክክል መሰለኝና ድንጋዬን ወደ ቦታው መለስኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በጆሮዬ ነው የቀረው። አባቴ ከባቡር ሐዲድ የተቆረጠ ብረት ከአንድ ቦታ አምጥቶ መሬት ላይ ተከለ። የለዘበውን ስባሪ በላዩ ያጋድምና በምስማር ጭሮ ቅርፅ ያወጣበታል፤ ጭረቱን ተከትሎ በመሮና በመዶሻ ይቆርጠዋል። ቀጥሎ ሞረድ ነው። የሞረዱ ድምፅ ጥርስ ያፋጫል፤ ለእኔ ደግሞ ገና ያልበቀለ ጥርሴን ያሳክከኝ ነበር። እንዲህ አድርጎ መጀመሪያ ለእናቴ የጓሮ መኮትኮቻ፣ ቀጥሎ ለአናጢ የጣውላ መፋቂያ፣ ቀጥሎ ደግሞ ከነበሩት ጥርሶች ጥቂቱን ትቶ ቅርንጫፍ መከርከሚያ ትንሽ መጋዝ ሠራ። ዘዴውን ያየው ጣውላ ያቀርብለት ከነበረ አንድ አርመን አናጢ ግቢ ነው።

ከባዱ ግን መጨረሻው ነው። ቅርፁ የወጣለት ብረት ለዝቧልና አይቆርጥም። ስለዚህ እንደገና አግሎ ኑግ ዘይት ውስጥ ይነክረዋል። ሲነከር ጭሱ ጓሮውን ይሞላዋል፤ ብረቱም እንደ መስታወት ይደርቃል። ቢወድቅ ይሰበራል። ይህን ድርቀቱን ለመግራት በአሸዋ አሽቶ ካበራው በኋላ ከፍሙ ዳር ያስቀምጠዋል። ያኔ በብረቱ ላይ ቀለም መሄድ ይጀምራል። መጀመሪያ ገለባ ይመስላል። ቀጥሎ ጠጅ። ቀጥሎ እንደ በለዘ ጉንጭ ይጠቁራል። መጨረሻ ሰማያዊ ይሆናል። ቢላዋና መፋቂያ ልክ ጠጅ ሲመስል ከእሳቱ መውጣት አለበት፤ ትንሽ ከዘገየ ይለሰልሳል፤ ቶሎ ከወጣ ይሰበራል።

አባቴ ይህን ቀለም ማየት አልቻለም። መልኩ ሁሉ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነበት። ሁለት መፋቂያ ካበላሸ በኋላ ጠራኝ።

"ነይ እዚህ። ዓይንሽን አበድሪኝ" አለኝ።

ደነገጥኩ። ሁለቱንም እጆቼን ዓይኖቼ ላይ አደረግሁ። አባቴ ለምን እንደሆነ አልገባውም፤ ጭሱ የቆጠቆጠኝ መስሎት በነጠላው ጫፍ ጠራረገኝና፣ "ተመልከቺ ብቻ። ጠጅ ሲመስል ንገሪኝ" አለኝ። ዓይኔ ከቦታው እንደማይወጣ ሳውቅ ቁጢጥ ብዬ አፈጠጥኩ። ገለባው መጣ። ከዳር ተነስቶ እንደ ውሃ ወደ ስለቱ ተጓዘ። እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም ነበር።

"ጠጅ ሆነ! ጠጅ ሆነ!" ብዬ ጮህኩ።

ከአጥሩ ማዶ የሚያልፍ ሰው፣ "ወልዴ፣ ለብቻህ ነው እንዴ?" ብሎ ተጣራ። አባቴ በጉጠት የያዘውን ብረት ከፍ አድርጎ ሳቀ። መጋዙ ከተሰበረ ወዲህ ከልቡ ሲስቅ የሰማሁት ያኔ ነው።

እናቴ ግን አትስቅም። እኔ ወደ ጓሮ በሮጥኩ ቁጥር ከቤት ውስጥ፣ "ዓይንሽን ጠብቂ! አስካለ፣ ዓይንሽን!" ትላለች።

ከአጥራችን ማዶ እትዬ ጥሩነሽ የምትባል ጎረቤት ነበረችን። ግርማ የሚባል ገና አፉን የሚፈታ ልጅ አላት፤ እሱን በአንቀልባ የማዝለው እኔ ነበርኩ። አፉ ስሜን አይዝለትም፤ "አካዬ" ነው የሚለኝ። እትዬ ጥሩነሽ ጠዋት ጠዋት በገል እሳት ልትጭር ወደ ቤታችን ትመጣ ነበር፤ እናቴና እሷ በዚያ ሰበብ ወሬያቸውን ያወራሉ። አባቴ ብረት ማጋል ከጀመረ በኋላ ቀረች። ይህ አልገባኝም። ቤታችን እንደዚያ ሰሞን እሳት ኖሮት አያውቅም፤ እሳት ፈላጊዋ ግን በላይ በኩል ካለው ቤት ስትጭር አየኋት።

አንድ ቀን እናቴና አባቴ ሲነጋገሩ ሰማሁ።

"አንተ ሰውዬ፣ ትናንት መጋዝ ሳቢ ነበርክ። ዛሬ ቀጥቃጭ አሉህ" አለች እናቴ። "ነገ የማኅበሩ ጽዋ ተራዬ ሲደርስ ማን ከቤቴ ይጠጣል? ይህችን ልጅስ ማን ያገባታል?"

"መጋዝ ቆረጥኩ እንጂ ምን አደረግሁ?"

"እሳት ላይ ተቀምጠሃል። ወናፍ ብቻ ነው የቀረህ።"

"በድሮው ንጉሥ ጊዜ ሠራተኛ አይሰደብ ተብሎ በአዋጅ ተነግሯል።"

"አዋጁ የተነገረው ለጆሮ ነው" አለች እናቴ። "ለሆዳቸው ማን ይነግርላቸዋል?"

ሆድ እንዴት እንደሚነገረው እያሰብኩ ውሃ ልቀዳ ወደ ወንዙ ወረድኩ። እዚያ ያሉ ልጆች እንስራቸውን ከእኔ እንስራ ራቅ አደረጉ። ከእኔ ትንሽ ከፍ የምትል አንዷ፣ "ብረት የሚያጋል ሰው ቡዳ ነው። ዓይኑ ሰው ይበላል" አለችኝ።

"ዓይን ጥርስ አለው እንዴ?"

ትንሽ አሰበች። "የአባትሽ መጋዝ ጥርስ የለውም?" አለችኝ።

አለው። በደንብ አውቃለሁ፤ አለው። የረገፉትን ጥርሶቹን እኔው ነኝ ለቅሜ በጣሳ ያስቀመጥኳቸው። ወደ ቤት እየተመለስኩ እንስራዬ ውስጥ አጎንብሼ ዓይኔን አየሁ። ውሃው ይነቃነቃልና ደህና አልታየኝም።

ያን ሰሞን ግርማ ታመመ። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን አዝዬው ነበር፤ ጉንጩ ቂቤ የጠጣ ይመስል ያብለጨልጭ ነበርና፣ "እንዴት ታምራለህ!" ብዬዋለሁ። በማግስቱ ልወስደው ስሄድ እትዬ ጥሩነሽ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ "ተኝቷል" አለችኝ። ግርማ ግን ውስጥ ሲያለቅስ ይሰማል። ከኋላዋ አንዲት ሴት፣ "ዓይን ነው! ዓይን ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?" ትላለች። እትዬ ጥሩነሽ ፊቷን ወደ ውስጥ መልሳ፣ "ዝም በይ፣ ልጅቷ ቆማለች" አለቻት።

ልጅቷ እኔ ነኝ። እኔ ስለቆምኩ ዝም የሚባለው ነገር ደግሞ የእኔ መሆን አለበት።

እቤት ስደርስ እናቴ እንደ ልማዷ፣ "ዓይንሽን ጠብቂ!" አለችኝ። ያኔ ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነልኝ። እናቴ ታውቅ ኖሯል። ከጅምሩ ጠብቂው፣ አትልቀቂው ስትለኝ ነው የከረመችው። እኔ ግን ለቅቄ ግርማን በላሁት።

ከዚያች ሰዓት ጀምሬ ሰው ማየት ተውኩ። በመንገድ መሬት መሬቱን አያለሁ። ሰው ሲመጣ ነጠላዬን ግንባሬ ላይ እጥላለሁ። ቤት ውስጥ እናቴና አባቴ እንዳይታመሙብኝ ዓይኔን ጨፍኜ እየዳበስኩ እሄዳለሁ። ከበርጩማ ጋር ተጋጨሁ፤ የሹሮ ማሰሮ ደፋሁ። እናቴ ጮኸችብኝ፤ እሷን ለማዳን መሆኑን ግን አልነገርኳትም። ቡዳ ቡዳ ነኝ ብሎ ይናገራል እንዴ?

አባቴ ለአንድ አናጢ ቃል የገባው መፋቂያ ነበረውና ፍሙ አጠገብ ጠራኝ። ቀለሙን ማየት ፈራሁ። ብረቱ በዓይኔ ባለፈ ቁጥር ዓይኔ የሚሳል መሰለኝ። ጨፈንኩ።

"ምን መሰለ?"

"ገለባ" አልኩ በግምት።

ትንሽ ቆየ። "አሁንስ?"

"አሁንም ገለባ።"

"አስካለ፣ አሁንስ?"

"ጠጅ።"

ኋላ እንደነገረኝ፣ ብረቱን አወጣና ሲበርድ ጫፉን በጣቱ ገፋው። እንደ ቆርቆሮ ታጠፈ። ሰማያዊ ሆኖ አልፎ ነበር። ዞር ብሎ አየኝ መሰለኝ። ከዚያ በጣም በቀስታ፣ "ስንት ጣት ነው የያዝኩት?" አለኝ።

"አላውቅም።"

"ቅረቢ። አሁንስ?"

"አላውቅም፣ አባዬ።"

ጉጠቱን ሲጥለው ሰማሁ። ቀጥሎ ውሃ ፍሙ ላይ ሲፈስ፣ ሽሽሽ ሲል። አባቴ እሳቱን አጠፋ። ወደ ቤት ገባና ለእናቴ እንዲህ አላት፦ "ከእኔ ወረሰች፣ ዘነበች። የእኔ ነገር ወደ ልጄ ተላለፈ።" እናቴ "ማርያም ማርያም!" እያለች ደረቷን መታች።

እኔ ከበሩ ውጭ ቆሜ ነበር። ቡዳነት ከአባት ወደ ልጅ ይወረሳል ብላኝ ነበር ያቺ የወንዝ ዳር ልጅ። አሁን አባቴ ራሱ በአፉ አረጋገጠው።

በማግስቱ ሲነጋጋ አባቴ ወደ እንጦጦ ጠበል ይዞኝ ወጣ። ዳገቱን ስንወጣ እጄን አጥብቆ ይዞ፣ "እዚህ ድንጋይ አለ፣ እዚህ ጉድባ አለ" እያለ ይመራኛል። የሚገርመው ድንጋዩን ከእሱ ይልቅ እኔ በደንብ አየዋለሁ፤ ድንጋይ ማየት አይከለከልምና ዓይኔን ወደ መሬት ገልጬ ነበር። ሁለት ጊዜ እሱ ተደናቅፎ እኔ ደገፍኩት። ለምን እንደሚመራኝ አልገባኝም፤ ግን እጁ ሞቃት ነበርና ዝም አልኩ።

ጠበሉ ዘንድ ሕፃናት ያዘሉ ሴቶች ተሰልፈዋል። ድምፃቸውን ስሰማ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጎትቼ ጨፈንኩ። ተራችን ደርሶ አጥማቂው አባ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አድርገው፣ "ዓይኗ ነው? በይ ልጄ፣ ግለጪ" አሉኝ።

"አልገልጥም።"

"ለምን?"

"መጀመሪያ ሕፃናቱ ይውጡ።"

"ሕፃናቱ ምን አደረጉሽ?"

"እንዳልበላቸው ነው" አልኩና አለቀስኩ። "ግርማን በልቼዋለሁ። እኔና አባዬ ብረት ስናጋል ዓይናችን ጥርስ አወጣ።"

ከዚያ ሴቶቹ ልጆቻቸውን ወደ ጉያቸው ሲሰበስቡ የነጠላቸው ኮሽታ ተሰማኝ። አባ በቁጣ፣ "ቁሙ! የት ትሸሻላችሁ? ለጠበል መጥታችሁ ሕፃን ትፈራላችሁ?" አሏቸው። እኔ የምጠብቀው አባቴ እንዲመታኝ ነበር። እሱ ግን ከፊቴ ተንበረከከና ትከሻዬን ያዘ።

"ታያለሽ?" አለኝ። "ብትገልጪው ታያለሽ ወይ?"

"አያለሁ።"

"ግለጪው። እኔን እይኝ። ግድ የለሽም፣ እኔን አትጎጂኝም። ከኋላዬ ምን አለ?"

"ዛፍ።"

"ዛፉ ላይስ?"

"አሞራ። ክንፉን እየነጨ ነው።"

አባቴ አሞራውን ሊያይ ዞረ፤ ሊያየው እንደማይችል አውቃለሁ። ከዚያ መሬት ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠና "ተመስገን፣ ተመስገን" እያለ እያለቀሰ ሳቀ። ይህን ያህል ግራ የገባኝ ጊዜ ትዝ አይለኝም። ሰው በልቻለሁ ብዬ መናዘዜ ነው፤ አባቴ ደግሞ ልጁ እንደተዳረችለት ሰው ሆነ።

ስንመለስ ቁልቁለቱ ላይ፣ "ታዲያ ግርማን ማን በላው?" ብዬ ጠየቅሁት።

"ማንም አልበላውም። ልጅ ያመዋል፤ ይድናል።"

"እንግዲያው ቡዳ የለም?"

"እኔ መጋዝ ሳቢ ነኝ" አለኝ። ጥያቄዬ ይህ አልነበረም።

ወደ ቤታችን ሳንገባ በቀጥታ እትዬ ጥሩነሽ ደጅ ወሰደኝ። ግርማ ደፉ ላይ ተቀምጦ ቂጣ እየገመጠ ነው። ከስቷል፤ ግንባሩ ላይ በጥላሸት ምልክት ተደርጎበታል። ሳየው እንደ ልማዴ ልጨፍን ስል አባቴ፣ "አይዞሽ" አለኝ። ግርማ አየኝና "አካዬ!" ብሎ ቂጣውን ጣለ። እትዬ ጥሩነሽ ከውስጥ ወጥታ በእሱና በእኔ መሀል ቆመች።

"ጥሩነሽ" አለ አባቴ፣ "ልጄ ልጅሽን እንዳትጎዳ ብላ ዓይኗን ጨፍና ከርማለች። እኔ ደግሞ ዓይኗ የጠፋ መስሎኝ እንጦጦ ወስጃት ነው የምመለሰው። እንግዲህ እያት።"

"እኔ ምን አልኩ፣ ጋሼ ወልዴ?"

"ምንም አላልሽም። እያት ነው ያልኩሽ።"

ቀረብ ብላ አገጬን ይዛ ፊቴን ቀና አደረገች። ዓይን ለዓይን ተያየን። የእሷ ዓይን ውሃ ሞልቶታል፤ ተቆጥታ ይሁን ፈርታ መለየት አልቻልኩም። ከዚያ ወደ ግርማ ዞራ አናቱ ላይ "እንትፍ! እንትፍ!" አለችበት። ከክፉ ዓይን ይሰውርህ ሲሉ እንዲህ ነው። ወዲያው ግን ወደ እኔ ዞረችና በእኔም አናት ላይ "እንትፍ! እንትፍ!" አለችብኝ። ከእኔ የምትከላከል ከሆነ ለምን በእኔም ላይ? የምትመርቀኝ ከሆነስ ለምን በእሱ ጀመረች? ለማሰብ ጊዜ አልሰጠችኝም፤ አንቀልባውን አመጣችና ግርማን ጀርባዬ ላይ አሰረችልኝ። ከስቶም ይከብዳል። ትኩስ ትንፋሹን አንገቴ ላይ ሲለቀው እግሬ ራሱ ተንቀሳቀሰ፤ እሹሩሩ እያልኩ ግቢውን መዞር ጀመርኩ።

እትዬ ጥሩነሽ መሬት መሬቱን እያየች፣ "ጋሼ ወልዴ፣ የጎመን መደቤን አረም በላው" አለች።

"ነገ ብቅ በይ" አላት አባቴ።

ከዚያ በኋላ አባቴ እሳቱን እንደገና አነደደ። አናጢዎች ጥርሱ ያለቀ መጋዛቸውን እያመጡለት መፋቂያና መሮ ያሠሩት ጀመር፤ እናቴም በመጀመሪያው መኮትኮቻ ወንዙ ዳር ጎመንና ሽንኩርት ተከለች። ቱፋ ለጥምቀት ከአገሩ ሲመለስ ከዚያ መጋዝ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ብቻ ቀርታ አገኘና፣ "ቀብረህ አራባኸው እኮ!" ብሎ ሳቀ። ቀለም የማየው እኔ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ አንድም ብረት ሰማያዊ ሆኖ አላለፈኝም።

ያን በጋ ሳስብ ግን ሁልጊዜ የሚመጣብኝ ከእንጦጦ በተመለስን ማግስት ያለው ጠዋት ነው። እትዬ ጥሩነሽ አባቴ ማታውን የሠራላትን መኮትኮቻ ልትወስድ መጣች። እናቴ ቤቱን ውሃ አርከፍክፋ ጠርጋ ነበር። አባቴ መሣሪያውን ሰጣት፤ በአውራ ጣቷ ስለቱን ሞከረች፤ እጀታውን አገላበጠች፤ "እጅዎ ይባረክ" አለችው። እናቴ ወደ ጓዳ ገባችና በጣሳ ጠላ ቀድታ መጣች። መጀመሪያ በመዳፏ ቀመሰችላት፤ ከዚያ በሁለት እጇ ዘረጋችላት።

እትዬ ጥሩነሽ ጣሳውን ተቀበለች። ያዘችው። አባቴ እጀታ የሚጠርብ መስሎ አጎነበሰ። እኔ ከምሰሶው ሥር ቆሜ ዓይኔን ጣሳው ላይ ተክያለሁ።

"አስካለ፣ ዞር በይ" አለች እናቴ። "ሰው ሲጠጣ አይታይም።"

ዞርኩ። ግድግዳው ላይ ያለውን የጭቃ ስንጥቅ እያየሁ ቆየሁ። ስመለስ እትዬ ጥሩነሽ መኮትኮቻውን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ከበሩ ወጥታለች። ጣሳው መደቡ ላይ ባዶውን ተቀምጧል። ወለሉ እናቴ ካርከፈከፈችው ውሃ ገና እርጥብ ነበርና፣ ጠጥታው ይሁን አፍስሳው አላወቅሁም።